ከስምምነት አገር የተጫነ ዕቃ ለምን ልዩ ታሪፍ ይከለከላል? የሥሪት አገር ደንብን የሚመለከት ጥያቄ

ጀማሪ አስመጪ

ለመድረኩ አባላት ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። ብስክሌት በሚያስመጣ ድርጅት ውስጥ በግዥ ክፍል እሠራለሁ። ዕቃውን የምንገዛው ከእኛ ጋር የነፃ ንግድ ስምምነት ባላት አገር ከሚገኝ ፋብሪካ ሲሆን፣ ስምምነቱ ብስክሌትን ከቀረጥ ነፃ ያደርጋል። የመጀመሪያው ጭነት ልዩ ታሪፉን አግኝቶ ያለ ችግር ወጣ። ሁለተኛው ጭነት ግን የሥሪት አገር የምስክር ወረቀቱ በተመሳሳይ መንገድ ተሞልቶና ማኅተም አርፎበት ሳለ፣ ጉምሩክ ለላኪው አገር የማጣሪያ ጥያቄ አቅርቦ ከቆየ በኋላ ዕቃው የዚያ አገር ሥሪት አይደለም በሚል ሙሉ ቀረጥ እንድንከፍል ተወሰነ። ፋብሪካው አንድ ነው፤ ሞዴሉ አንድ ነው፤ የተጫነበት ወደብም አንድ ነው። አንድ ፋብሪካ የሠራው አንድ ዓይነት ዕቃ እንዴት ሁለት የተለያየ ሥሪት ሊኖረው ይችላል? ሥልጣን ያለው አካል ያተመበት ወረቀትስ የመጨረሻ ማስረጃ ካልሆነ ጥቅሙ ምንድን ነው? ደንቡን ከሥሩ መረዳት ስለምፈልግ ረዘም ያለ ማብራሪያ ቢሆንም በደስታ አነባለሁ።

ዲክላራሲዮን

ዕቃው የተገዛበት አገር፣ ዕቃው የተጫነበት አገርና የዕቃው ሥሪት አገር ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንዳንድ ጊዜ በአንድ አገር ላይ ይገጥማሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን አይገጥሙም። ልዩ ታሪፍ የሚሰጠው ሦስተኛው ተረጋግጦ ብቻ ነው።

ለምን እንዲህ እንደሆነ ለመረዳት ልዩ ታሪፍ ራሱ ከየት እንደመጣ ማየት ያስፈልጋል። በ1947ቱ የጋት (የታሪፍና የንግድ ጠቅላላ) ስምምነት አንቀጽ 1 መሠረት አንድ አባል አገር ለአንዱ የሰጠውን የታሪፍ ቅናሽ ለሌሎቹ አባላት ሁሉ የመስጠት ግዴታ አለበት። ከዚህ ግዴታ የሚያስወጡት ዋና በሮች ሁለት ናቸው። አንደኛው የነፃ ንግድ ቀጣናንና የጉምሩክ ኅብረትን የሚፈቅደው አንቀጽ 24 ነው። ሁለተኛው ያደጉ አገሮች በማደግ ላይ ላሉ አገሮች፣ አጸፋ ሳይጠይቁ፣ ዝቅ ያለ ታሪፍ እንዲሰጡ እ.ኤ.አ. በ1979 የጸደቀው የማስቻያ ውሳኔ ነው። በሁለቱም መንገድ ቅናሹ የሚሰጠው ለተወሰኑ አገሮች ዕቃ ብቻ ስለሆነ፣ “የማን ዕቃ ነው?” የሚለው ጥያቄ የግድ መልስ ይፈልጋል። መልስ ባይኖረው ከስምምነቱ ውጭ ያለ ላኪ ሁሉ ዕቃውን ታሪፍ ዝቅተኛ በሆነበት አባል አገር በኩል አሳልፎ ወደ ሌሎቹ ያስገባ ነበር። የጉምሩክ ኅብረት ያላቸው አገሮች ለውጭ ዕቃ ሁሉ አንድ የጋራ ታሪፍ ስላላቸው ይህ ሥጋት እርስ በርሳቸው ብዙም አያስጨንቃቸውም፤ በነፃ ንግድ ቀጣና ውስጥ ግን እያንዳንዱ አባል የራሱን የውጭ ታሪፍ ይዞ ስለሚቀጥል የሥሪት ደንብ የስምምነቱ ምሰሶ ይሆናል።

ዕቃ የአንድ አገር ሥሪት ነው የሚባለው በሁለት መንገድ ነው። የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ እዚያው የተገኘ ሲሆን ነው፤ ከምድሩ የወጣ ማዕድን፣ እዚያ የበቀለ ሰብል፣ እዚያ ተወልዶ ያደገ እንስሳ በዚህ ይመደባል። ቀላል ይመስላል፤ ዓሣ ላይ ሲደርስ ግን ከግዛት ባሕር ውጭ የተጠመደው ዓሣ የማን እንደሆነ የሚወሰነው መርከቡ በተመዘገበበት አገር፣ በሚያውለበልበው ሰንደቅና አንዳንዴም በባለቤቶቹ ዜግነት ስለሆነ ነገሩ ይወሳሰባል። ሁለተኛው መንገድ ከውጭ የገባ ግብዓት በአገሩ ውስጥ በቂ ለውጥ ሲደረግበት ነው። የእርስዎ ብስክሌት ጉዳይ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ “በቂ” የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ የሚወስነው ደግሞ እያንዳንዱ ስምምነት ለራሱ ነው።

ማኅተሙን በተመለከተ፣ የምስክር ወረቀቱ የመነሻ ማስረጃ እንጂ ፍርድ አይደለም። አስመጪው አገር ጉምሩክ ከተጠራጠረ የሰጠውን ባለሥልጣን፣ በአንዳንድ ስምምነቶችም ላኪውን ፋብሪካ በቀጥታ፣ የመጠየቅ መብት አለው። በመንገዴም አንድ ነገር ላሳስብ፤ በብዙ አገሮች የንግድ ምክር ቤቶች የሚሰጡት የተለመደ የሥሪት ወረቀት ለልዩ ታሪፍ የሚያገለግል አይደለም። እርሱ ለባንክ፣ ለስታቲስቲክስ ወይም ለፀረ ዳምፒንግ (ከተገቢው ዋጋ በታች በሚሸጥ የውጭ ዕቃ ላይ ለሚጣል ቀረጥ) ጉዳይ የሚያገለግለውን መደበኛ ሥሪት ነው የሚመሰክረው። ስምምነቱ የራሱን ቅጽ ወይም የራሱን ቃል በኢንቮይስ ላይ እንዲጻፍ ስለሚጠይቅ በእጅዎ ያለው የትኛው እንደሆነ አስቀድመው ያረጋግጡ።

ስምንት አሃዝ

ዲክላራሲዮን ያነሡትን “በቂ ለውጥ” ልቀጥልበት። በአብዛኞቹ ስምምነቶች የመጀመሪያው መለኪያ የታሪፍ ቁጥር መለወጥ ነው። የዓለም ጉምሩክ ድርጅት የሚያስተዳድረውና እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ የሚሠራው የሃርሞናይዝድ ሲስተም ዕቃን ሁሉ በምዕራፍ (2 አሃዝ)፣ በርዕስ (4 አሃዝ) እና በንዑስ ርዕስ (6 አሃዝ) ይመድባል። ከስድስቱ በኋላ ያሉትን አሃዞች እያንዳንዱ አገር ለራሱ ይጨምራቸዋል፤ ስለዚህ የሥሪት ደንብ በአብዛኛው ከስድስት አሃዝ አያልፍም። ደንቡ “የርዕስ ለውጥ” ሲል ከውጭ የገባው ግብዓት ሁሉ ከተጠናቀቀው ዕቃ በተለየ ባለ 4 አሃዝ ቁጥር ሥር መመደብ አለበት ማለት ነው።

ቡናን እንደ ማሳያ ብንወስድ፣ ጥሬውም የተቆላውም በርዕስ 09.01 ውስጥ ነው ያሉት፤ ልዩነታቸው የሚታየው ንዑስ ርዕስ ላይ ሲደረስ ነው። ስለዚህ ስምምነቱ የርዕስ ለውጥ ከጠየቀ የውጭ ጥሬ ቡና ገዝቶ የሚቆላ አገር ቡናውን የራሱ ሥሪት ማድረግ አይችልም፤ የንዑስ ርዕስ ለውጥ ብቻ ከጠየቀ ግን ይችላል። በማሽኑ ውስጥ የሆነው ነገር በሁለቱም ጊዜ አንድ ነው። ይህን የሚያነብ ሰው የሥሪት ደንብ የምርት ሂደትን ይገልጻል ብሎ እንዳይሳሳት እመክራለሁ፤ ደንቡ የሚገልጸው ተደራዳሪዎቹ የትኛውን ሂደት ለመቀበል እንደተስማሙ ነው።

አሁን ወደ ብስክሌቱ። የተጠናቀቀ ብስክሌት በርዕስ 87.12፣ ክፍሎቹ ደግሞ በአብዛኛው በርዕስ 87.14 ይመደባሉ። ፋብሪካው ፍሬም ከአንዱ፣ ማርሽ ከሌላው፣ ፔዳል ከሦስተኛው አቅራቢ እየገዛ የሚገጣጥም ከሆነ ከ87.14 ወደ 87.12 መሻገሩ የርዕስ ለውጥ ነው፤ በወረቀት ላይ ሲታይ ያልፋል። ነገር ግን በሃርሞናይዝድ ሲስተም የአተረጓጎም ጠቅላላ ደንቦች ውስጥ ደንብ 2(ሀ) የሚባል አለ። ይህ ደንብ ተፈታቶ የቀረበ የተሟላ ዕቃ እንደተገጣጠመው ዕቃ ተቆጥሮ ይመደብ ይላል። እንግዲህ ፋብሪካው የብስክሌቱን ክፍሎች በሙሉ በአንድ ላይ፣ ተፈታቶ እንደተጫነ ብስክሌት፣ ከሦስተኛ አገር አስገብቶ ከሆነ ግብዓቱ ሲገባ ቀድሞውኑ 87.12 ነበረ ማለት ነው። ከ87.12 ወደ 87.12 ደግሞ ለውጥ የለም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው፤ ለሁለተኛው ጭነት ክፍሎቹ ወደ ፋብሪካው የገቡት እንዴት ነበር?

ጀማሪ አስመጪ

ለሁለታችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። ፋብሪካውን በጽሑፍ ጠይቄ መልስ አግኝቻለሁ። ለመጀመሪያው ጭነት ፍሬሙን ራሳቸው በይደው፣ ቀሪውን ከተለያዩ አቅራቢዎች ገዝተው ነበር። ለሁለተኛው ግን ትእዛዙ ስለተጣደፈ ከስምምነቱ ውጭ ካለ አገር የተሟላ፣ ተፈታቶ የታሸገ ብስክሌት በአንድ ኮንቴይነር አስገብተው ገጣጥመውታል። ላኪው ይህን እንደ ተራ የአቅርቦት ለውጥ ነው ያየው። በስምምነቱ አባሪ ላይ ስመለከት ለ87.12 የተጻፈው ደንብ “የርዕስ ለውጥ፣ ወይም 40 በመቶ ቀጣናዊ የዋጋ ይዘት” ይላል። ሁለተኛው አማራጭ ሊያድነን ይችል ይሆን?

የወጪ ሒሳብ

“ወይም” የሚለውን ማስተዋልዎ ጥሩ ነው፤ ብዙ ሰው የመጀመሪያው መለኪያ ሲወድቅበት ሁለተኛውን ሳያነብ ይተወዋል። በእስያ በሰፊው የሚሠራበት መለኪያም ይኸው የ40 በመቶ ይዘት፣ ማለትም ከዕቃው ዋጋ ቢያንስ 40 በመቶው ከስምምነቱ አገሮች መገኘቱ፣ ነው፤ የአሲያን (የደቡብ ምሥራቅ እስያ) አገሮች የዕቃ ንግድ ስምምነትም፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ሥራ ላይ የዋለው የ15 አገሮች ቀጣናዊ ስምምነትም ይጠቀሙበታል። የቀድሞው የሰሜን አሜሪካ ነፃ ንግድ ስምምነት፣ ናፍታም፣ እርስዎን የገጠመውን ችግር አስቀድሞ አይቶ ነበር፤ ተፈታቶ በመግባቱ ምክንያት የታሪፍ ቁጥር ለውጥ ያላሟላ ዕቃ በግብይት ዋጋ 60 በመቶ፣ በተጣራ ወጪ ስሌት 50 በመቶ ይዘት ካሟላ ሥሪቱን እንዲያገኝ የሚፈቅድ የተለየ ድንጋጌ ነበረው።

ስሌቱን በምናባዊ አኃዝ ላሳይ። ብስክሌቱ በኤፍኦቢ ዋጋ (መርከብ ላይ እስኪጫን ባለው ዋጋ) 200 ዶላር ይሸጣል እንበል፤ ከውጭ የገባው ክፍል በሙሉ 130 ዶላር ያወጣል። ከ200 ላይ 130 ሲቀነስ 70 ይቀራል፤ 70 ለ200 ሲካፈል 35 በመቶ ነው። ይህ አያልፍም። ፋብሪካው ጎማውን፣ ኮርቻውንና መያዣውን ከዚያው አገር አምራቾች ቢገዛና የውጭው ግብዓት ወደ 115 ዶላር ቢወርድ ይዘቱ 42.5 በመቶ ይሆናል፤ ያልፋል። ነገር ግን በሚቀጥለው ድርድር እርስዎ ዋጋውን ወደ 190 ዶላር ካስወረዱት ውጤቱ ከ39.5 በመቶ በታች ይሆንና ዕቃው ይወድቃል። ገዢ ያገኘው ቅናሽ ራሱ ልዩ ታሪፉን ሊያሳጣው እንደሚችል የግዥ ሠራተኞች ብዙ ጊዜ አያስቡም። የምንዛሪ ለውጥም እንዲሁ ነው፤ ግብዓቱ በሌላ ገንዘብ የሚገዛ ከሆነ በፋብሪካው ውስጥ አንድም ብሎን ሳይቀየር ሥሪቱ ሊቀየር ይችላል። በዳር ላይ ያለ ይዘት ይዞ ውል መፈረም አልመክርም።

ሦስት ጥንቃቄዎች ልጨምር። “ከአገር ውስጥ የተገዛ” እና “የአገር ውስጥ ሥሪት” አንድ አይደሉም፤ ጎማውን ከፋብሪካው ጎረቤት ካለ ነጋዴ ቢገዙትም ነጋዴው ከውጭ ያስገባው ከሆነ ሥሪት የሌለው ግብዓት ሆኖ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ከአቅራቢው የጽሑፍ መግለጫ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ የዋጋው መነሻ ከስምምነት ስምምነት ይለያያል፤ በአውሮፓ ኅብረት ሥርዓት የፋብሪካ በር ዋጋ፣ በሌሎች ኤፍኦቢ፣ በአንዳንዶቹ የመኪና ደንቦች ደግሞ የተጣራ ወጪ ነው። ሦስተኛውና ለአምራቹ ጠቃሚው፣ በመሀል የተሠራ ክፍል የራሱን ደንብ ካሟላ ሙሉ ዋጋው እንደ አገር ውስጥ መቆጠሩ ነው። ፋብሪካው የአሉሚኒየም ቱቦ አስገብቶ ፍሬሙን ራሱ ከበየደ፣ ቱቦው በምዕራፍ 76 ፍሬሙ በምዕራፍ 87 ስለሆነ ፍሬሙ ሥሪቱን ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ በስሌቱ ውስጥ የቱቦው ዋጋ እንኳ ከውጭ ግብዓት አይደመርም። የመጀመሪያው ጭነታችሁ በሁለቱም መለኪያ ጥሩ አቋም ላይ የነበረው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን፣ መቶኛውም ሆነ የታሪፍ ቁጥሩ ቢሟላ በቂ ያልሆኑ ተግባራት የሚባል ዝርዝር አለ። ማሸግ፣ መለያ መለጠፍ፣ ማጠብ፣ መደርደር፣ ቀላል ማደባለቅና በብዙ ስምምነቶች ቀላል መገጣጠም በዚህ ውስጥ ይገኛሉ። ልዩ ችሎታና መሣሪያ የማይጠይቅ መገጣጠም ብቻውን ሥሪት አይሰጥም።

ተጠራጣሪው

ማብራሪያዎቹ ትክክል ናቸው፤ የጎደለው ግን ደንቡን የሚጽፈው ማን እንደሆነ ነው። ታሪፍን በአደባባይ ዜሮ አድርጎ በአባሪው ገጾች ውስጥ መልሶ ማጠር የቆየ ልማድ ነው። በሰሜን አሜሪካ ናፍታን የተካውና እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 2020 ሥራ ላይ የዋለው ስምምነት የመኪናን ቀጣናዊ ይዘት ከ62.5 ወደ 75 በመቶ አሳደገ፤ አምራቾች ከሚገዙት ብረትና አሉሚኒየም 70 በመቶው የቀጣናው እንዲሆን አስገደደ፤ ከዚህም አልፎ ለተሳፋሪ መኪና ከዋጋው 40 በመቶ ያህሉ በሰዓት ቢያንስ 16 ዶላር በሚከፈላቸው ሠራተኞች እጅ እንዲሠራ ጠየቀ። የሥሪት ደንብ የደመወዝ ፖሊሲ ሆነ ማለት ነው። የዋሽንግተን መደበኛ የተሳፋሪ መኪና ታሪፍ ለረዥም ዓመታት 2.5 በመቶ ብቻ ስለነበረ፣ ይህን ሁሉ ከማሟላት ታሪፉን ከፍሎ ማለፍ የሚቀላቸው አምራቾች መኖራቸው አያስደንቅም።

የዓለም ንግድ ድርጅትም በዚህ ላይ ጥርስ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የሥሪት ደንቦች ስምምነት የመደበኛውን ሥሪት ደንብ በሦስት ዓመት ውስጥ ለዓለም ሁሉ አንድ ለማድረግ አቅዶ ነበር፤ ሥራው እስከ ዛሬ አልተጠናቀቀም። ለልዩ ታሪፍ ደግሞ ግልጽነትንና ተገማችነትን የሚጠይቅ አጭር የጋራ መግለጫ ከማያያዝ አላለፈም። ደንቡ ምን ያህል ጥብቅ ይሁን የሚለው ለኃያሉ ተደራዳሪ ተትቷል። እኔ እንደማምነው፣ አንድ ስምምነት ምን ያህል ነፃ እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ ሰው የታሪፍ ሠንጠረዡን ዘግቶ የሥሪት አባሪውን መክፈት አለበት።

ክርና መርፌ

የልብስ ኢንዱስትሪ ውስጥ ለሚሠራ ሰው የተጠራጣሪው ሐሳብ እንግዳ አይደለም፤ ነገር ግን ደንቡ ሲላላም ምን እንደሚሆን ማየት ይገባል።

ልብስ ከጥጥ ይጀምራል፤ ጥጡ ይፈተላል፣ ክሩ ይሸመናል፣ ጨርቁ ተቆርጦ ይሰፋል። ደንብ “ከጨርቅ” ሲል መቁረጥና መስፋት ብቻ ይበቃል፤ “ከክር” ሲል ሽመናውም እዚያው መሆን አለበት፤ አሜሪካ በብዙ ስምምነቶቿ የምትከተለው “ከክር ጀምሮ” የሚባለው ደግሞ ክሩ ራሱ በአባል አገር እንዲፈተል ይጠይቃል። የልብስ ስፌት በጥቂት ካፒታል ይጀመራል፤ ፈትልና ሽመና ግን ትልቅ መዋዕለ ንዋይ፣ የማያቋርጥ ኃይልና ብዙ ውኃ ይፈልጋሉ። ጥብቁ ደንብ ድሃ አገርን ጨርቅ እንዲሠራ ያበረታታል የሚለው ክርክር በወረቀት ላይ ያምራል፤ በተግባር ግን ፋብሪካው ከነጭራሹ ሳይከፈት ይቀራል ወይም ሙሉ ታሪፍ ይከፍላል።

ማስረጃው የአውሮፓ ኅብረት ነው። ኅብረቱ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በዕድገት እጅግ ወደ ኋላ ለቀሩ አገሮች ከጦር መሣሪያ በቀር ሁሉንም ዕቃ ከቀረጥና ከኮታ ነፃ አድርጎ ነበር። የልብስ መደበኛ ታሪፍ በአብዛኛው 12 በመቶ ስለሆነ ጥቅሙ ትልቅ ነበር፤ ደንቡ ግን ልብሱ “ከክር” እንዲሠራ፣ ማለትም ሽመናውም እዚያው እንዲሆን፣ ይጠይቅ ስለነበር ጨርቅ የሚያስመጡ ሰፊዎች ብዙም አልተጠቀሙበትም። ባንግላዴሽ ሹራብ ነክ ልብሶችን ከራሷ ክር ትሠራ ስለነበር በእነዚያ ተጠቀመች፤ ከውጭ ጨርቅ በሚሰፉት ሸሚዝና ሱሪ ላይ ግን ተቸገረች። እ.ኤ.አ. በ2011 ኅብረቱ ለእነዚህ አገሮች አንድ ደረጃ ለውጥ፣ ማለትም መቁረጥና መስፋት፣ ብቻ እንዲበቃ ሲያደርግ ሁኔታው ተለወጠ። በዚያው ማሻሻያ ለብዙ የኢንዱስትሪ ዕቃዎች የውጭ ግብዓት ጣሪያው ለእነርሱ 70 በመቶ፣ ለሌሎች በማደግ ላይ ላሉ አገሮች 50 በመቶ ሆኗል።

አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው አጎዋ ዕድገታቸው ዝቅተኛ የሆኑ የአፍሪካ ተጠቃሚዎች ጨርቁን ከየትኛውም አገር ገዝተው እንዲሰፉ የሚፈቅድ የሦስተኛ አገር ጨርቅ ድንጋጌ ጨምራ ነበር። የልብስ ትእዛዝ ወደ እነዚያ አገሮች የሄደው በዚህ ድንጋጌ ምክንያት ነው ብል ማጋነን አይሆንም፤ ለሌሎች ዕቃዎች የሚሠራው የ35 በመቶ ይዘት ደንብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከውጭ ጨርቅ የሚሰፋ ብዙ ልብስ አያልፍም ነበር። ስለዚህ ደንቡ ግድግዳ ነው ለሚለው መልሴ፣ የግድግዳውን ቁመት የሚመርጥ ሰው አለ፣ የምርጫውም ውጤት በፋብሪካዎች ብዛት ይታያል የሚል ነው።

ዲክላራሲዮን

ሁለቱም አስተያየቶች ጠቃሚ ናቸው፤ ደንቡን በሙሉ የተደበቀ አጥር ማድረግ ግን አልስማማበትም። ደንብ ባይኖር ልዩ ታሪፉን የሚበላው ታስቦ የተሰጠው አገር ሳይሆን ዕቃ የሚያዞረው ነጋዴ ነበር። የሥሪት ጥያቄ ከልዩ ታሪፍ ውጭም ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሃርሊ ዴቪድሰን ጉዳይ ያሳያል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 በብረትና በአሉሚኒየም ላይ ታሪፍ ስትጥል የአውሮፓ ኅብረት በአጸፋው በአሜሪካ ሞተር ብስክሌቶች ላይ ተጨማሪ 25 በመቶ ጣለ። ኩባንያው ለአውሮፓ ገበያ የሚሆነውን ምርት ወደ ታይላንድ አዛወረ፤ የቤልጂየም ጉምሩክም ሥሪቱ ታይላንድ ነው የሚል አስገዳጅ ውሳኔ ሰጥቶ ነበር። የአውሮፓ ኮሚሽን ግን ዝውውሩ የተደረገው በዋናነት ታሪፉን ለማምለጥ ስለሆነ በኢኮኖሚ ምክንያት የተደገፈ አይደለም ብሎ ውሳኔው እንዲሻር አደረገ። የኅብረቱ ፍርድ ቤቶችም ኮሚሽኑን ደገፉ፤ የመጨረሻው ፍርድ የተሰጠው በ2024 ነው። እውነተኛ የማምረቻ ተግባር እንኳ ኖሮ ዓላማው ሊመረመር እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

ፍርዱ በእኔ እይታ አከራካሪ ነው፤ ኩባንያ ታሪፍ ሲጨምርበት ቦታ መቀየሩ የንግድ ስሌት እንጂ ወንጀል አይደለምና። ቢሆንም ብስክሌት ለሚያስመጣው ጠያቂያችን አንድ ነገር ያስተምራል፤ ፋብሪካው አቅርቦቱን የሚቀይርበትን ምክንያት በሰነድ ማስቀመጥ አለበት።

ባሕረኛ

ስለ ማጓጓዣ ማንም ስላላነሣ አጭር ነገር ልበል። ዕቃው ሥሪቱን ቢያሟላም በመንገድ ሊያጣው ይችላል። የቆዩት ስምምነቶች ቀጥታ ጭነትን ይጠይቃሉ፤ አዲሶቹ በሦስተኛ አገር ማለፍን ይፈቅዳሉ፣ ነገር ግን ዕቃው በጉምሩክ ቁጥጥር ሥር ሆኖ ከማውረድ፣ ከመጫንና በደህና ከማቆየት በቀር እንዳይነካ ያዝዛሉ። ሙሉ ጉዞውን የሚያሳይ ቢል ኦፍ ሎዲንግ (የመርከብ ጭነት ሰነድ) ወይም የመሸጋገሪያው አገር ጉምሩክ ማረጋገጫ ከሌለ አስመጪው ይጎዳል።

ከዚህ የባሰው ዕቃው በመሀል አገር ወደ ገበያ ገብቶ መልሶ ሲላክ ነው። እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2021፣ በጀርመን የተሠራ ከረሜላ ወደ እንግሊዝ ገብቶ ምንም ሳይደረግበት ወደ አየርላንድ ሲላክ ቀረጥ ሊጣልበት እንደሚችል ሲታወቅ ብዙ ነጋዴ ተደናግጦ ነበር። ስምምነቱ ለሁለቱም ወገን ሥሪት ዜሮ ታሪፍ ይሰጣል፤ ከረሜላው ግን በእንግሊዝ ምንም ስላልተሠራበት የእንግሊዝ ሥሪት አልሆነም፤ የኅብረቱ ሥሪት ሆኖ ሳለም ከኅብረቱ ገበያ ወጥቶ ስለተመለሰ ልዩ ታሪፉ አልተከተለውም። የማከፋፈያ መጋዘን በአንድ አገር አስቀምጠው ለአካባቢው ሁሉ የሚያሠራጩ ድርጅቶች ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው።

ጀማሪ አስመጪ

አሁን ነገሩ በደንብ ገብቶኛል። ሁለት ጥያቄዎች ቀርተውኛል። ፋብሪካው ክፍሎቹን ከስምምነቱ ሌላ አባል አገር ቢገዛ ይቆጠርለታልን? ደግሞስ ይህን ሁሉ ሰነድ ማዘጋጀት ለሌሎች ዕቃዎቻችንም ያዋጣል?

የወጪ ሒሳብ

ሁለተኛውን እኔ ልመልስ። መጀመሪያ የሚታየው በመደበኛውና በልዩው ታሪፍ መካከል ያለው ልዩነት ነው። የአውሮፓ ኅብረት በጥሬ ቡና ላይ፣ ካፌይን ካልወጣለት፣ መደበኛ ታሪፉ ዜሮ ነው፤ ስለዚህ ለእርሱ የልዩ ታሪፍ ማስረጃ ማዘጋጀት ከንቱ ድካም ነው። በተቆላው ላይ ግን 7.5 በመቶ አለ፤ እዚያ ሰነዱ ገንዘብ ነው። ዕቃዎቻችሁን በዚህ ዓይን አጥልሉ፤ ልዩነቱ ከ2 ወይም 3 በመቶ በታች በሆነበትና ጭነቱ ትንሽ በሆነበት ቦታ፣ የአቅራቢዎችን መግለጫ ከማሰባሰብና ከማጣሪያ ሥጋት ጋር ሲነጻጸር፣ መደበኛውን ታሪፍ መክፈል የሚሻልበት ጊዜ አለ። ልዩ ታሪፍ መብት እንጂ ግዴታ አይደለም። የማጣሪያው ውጤት አሉታዊ ከሆነ ያልተከፈለውን ቀረጥ የሚጠየቀው ደግሞ ላኪው ሳይሆን አስመጪው እንደሆነ አትዘንጉ፤ ይህን ኪሣራ ላኪው እንዲሸፍን የሚያስገድድ አንቀጽ በግዥ ውላችሁ ውስጥ ከሌለ አሁኑኑ አስገቡ።

ስምንት አሃዝ

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ መደመር በሚባለው ድንጋጌ ላይ ያርፋል። በሁለት አገሮች ስምምነት የአንዱ ሥሪት ግብዓት ለሌላው እንደ ራሱ ይቆጠራል። ብዙ አገሮች በአንድ ደንብ ሲተሳሰሩ፣ ለምሳሌ በአውሮፓና በሜዲትራኒያን አገሮች የጋራ የሥሪት ኮንቬንሽን፣ እርስ በርሳቸው የነፃ ንግድ ስምምነት ካላቸው አባላት የማንኛቸውም ሥሪት የሆነ ግብዓት ይደመራል። ከዚህ ሰፋ ያለው ሙሉ መደመር ነው፤ በእርሱ ግብዓቱ ገና ሥሪት ባያገኝም እንኳ በአባል አገር የተሠራበት ሥራ ብቻውን ይቆጠራል። የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና የሥሪት አባሪም አባል አገሮችን ለዚህ ዓላማ እንደ አንድ ግዛት ያያቸዋል። የእርስዎ ስምምነት ሰንሰለትና ጎማውን ከሌላ አባል አገር ለመግዛት የሚፈቅድ ከሆነ ፋብሪካው ከ35 ወደ 40 በመቶ የሚደርስበት ቀላሉ መንገድ ይኸው ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ የተደመረ ክፍል የራሱን የሥሪት ማስረጃ ይዞ መምጣት አለበት።

ውሉን ከማደስዎ በፊት የቅድሚያ ውሳኔ ይጠይቁ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2017 ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ንግድ ድርጅት የንግድ ማቀላጠፊያ ስምምነት የታሪፍ ምደባንና የሥሪትን ጉዳይ አስመልክቶ አስቀድሞ አስገዳጅ ውሳኔ የመስጠት ግዴታ በአባላት ላይ ጥሏል። የሥሪት ደንቦች ስምምነቱ ደግሞ ጥያቄው ከተሟላ መረጃ ጋር ከቀረበ በ150 ቀናት ውስጥ መልስ እንዲሰጥ፣ የተሰጠውም ውሳኔ ሁኔታው እስካልተለወጠ ድረስ ለ3 ዓመት እንዲጸና ይላል። ጥያቄውን ሲያቀርቡ ሁለቱንም የአሠራር መንገድ፣ ፍሬሙ በፋብሪካው የተበየደበትንና ክፍሎቹ ተሟልተው የገቡበትን፣ ለየብቻ ከነግብዓት ዝርዝራቸው፣ ከታሪፍ ቁጥራቸውና ከዋጋቸው ጋር ይግለጹ፤ አንዱን ብቻ ገልጸው ያገኙት ውሳኔ ፋብሪካው ወደ ሌላኛው በተሻገረ ዕለት አይጠብቅዎትም።